ተቀምጬ ያቆምኳት መንደር

በመንደራችን በዘዳጎራ ከእኔ የተሻለ ታማዳ ተወልዶ አያውቅም፤ ወደፊትም የሚወለድ አይመስለኝም። ታማዳ የድግስ ማዕድ አባት ነው፤ ከራስጌ ተቀምጦ ምርቃት ይናገራል፣ እሱ ሳይናገር ማንም ከብርጭቆው አይጎነጭም። እኔ ቫርላም ስለ እናቶች ስመርቅ የአዳራሹ ግድግዳ ሲያልበው አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ለዝናብ መረቅኩና በማግስቱ ጎርፍ ድልድዩን ጠርጎ ወሰደው። ድልድዩ ድሮውንም ተሰንጥቆ ነበር የሚሉ አሉ፤ ቅናት ነው።

ይህን ያህል ሰው መሆኔን አስቀድሜ የምነግራችሁ ጎረቤቴ ኤልጉጃ ምን እንደቀማኝ በደንብ እንዲገባችሁ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዛፍ ነው። ኤልጉጃ በግቢው መሀል አያቱ የተከለው የገውዝ ዛፍ ነበረው፤ ያ ፍሬው ሲፈለጥ ውስጡ የሰው አንጎል የሚመስለው። በእኛ አገር ዶሮውም፣ ጎመኑም፣ ባቄላውም በገውዝ ካልታሸ ምግብ አይባልም። ኤልጉጃ ዛፉን እንደ ሁለተኛ ሚስት ነበር የሚያየው። እንግዳ ሲመጣበት ከልጆቹ በፊት የሚያስተዋውቀው ዛፉን ነው። ፍሬው ሲደርስ ታዲያ አንድ ሰው ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ በረጅም ዘንግ እየመታ ማራገፍ አለበት፤ ኤልጉጃ ደግሞ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ስለሚሄድ እንኳን ዛፍ ደረጃም አይወጣለት።

«ቫርላም፣ እንዳንተ ዛፍ የሚወጣ ሰው በመላው የኢመሬቲ አውራጃ የለም» አለኝ።

እውነት ለተናገረ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ወጣሁለት። ከደወል ቤቱ ማማ የሚበልጥ ከፍታ ላይ ሳለሁ ቅርንጫፉ ተገነጠለ። ሚስቴ ላማራ ከፍታው የጎተራ ጣሪያ ያህል ነበር ትላለች፤ እሷ ከታች ሆና ነው ያየችው፣ ከታች ደግሞ ሁሉም ነገር ያንሳል። በጀርባዬ አረፍኩ። አከርካሪዬ ተሰበረ፣ ውስጡ ያለው ህብለ ሰረሰርም አብሮ ተጎዳ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእምብርቴ በታች ያለው ሰውነቴና እኔ ተኳርፈናል። አንዳንዴ ብርድ ሲነካቸው እግሮቼ ሳላዛቸው ይራገጣሉ። እኔ ስጠራቸው ግን አይሰሙም።

ከዚያ በኋላ መኖርን እንደ አዲስ ተማርኩ። ከአልጋ ወደ ወንበር በክንዴ ብቻ መሻገር፣ መቀመጫዬ እንዳይቆስል በየጊዜው ሁለት እጄን ተመርኩዤ ከወንበሩ ብድግ ማለት፣ ሽንቴን በቱቦ ወደ ከረጢት ማስወረድ፣ ከረጢቱን ከሱሪዬ ሥር ቅልጥሜ ላይ ማሰር። ክንዶቼ ዛሬ የሌላ ሰው ጭን ያህላሉ። ወይኑን የምገርዘው እኔ ነኝ፤ ከወንበር የሚደረስበትን እኔ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ላማራ። የእኔ ረድፍ ከሷ ረድፍ ሁለት እጥፍ ያፈራል። እሷ ስትቆጥር እኩል ይመጣል።

ኤልጉጃ ግን አንድም ቀን ሊጠይቀኝ አልመጣም። አንድ ቅርጫት ገውዝ ላከ፤ ከዚያው ዛፍ። ሳልቀምሰው ለአሳማ ሰጠሁት። አሳማው በላው፤ ክብር የሌለው እንስሳ ነው።

እኔ ሆስፒታል ሳለሁ በተደገሰው የመጀመሪያ ድግስ ላይ ኤልጉጃ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቴ ጁምበር እያፈረ ነው የነገረኝ። የእኔን ምርቃት ቃል በቃል እያለ፣ እኔ ጉሮሮዬን የምጠርግበት ቦታ ላይ እሱም ይጠርግ ነበር አሉ።

ይህንንስ ችዬ ባለፍኩት ነበር። ግን መንደሩ አዲስ የድግስ አዳራሽ ሲሠራ አሠሪው ኤልጉጃ ነበር፣ አዳራሹንም ደረጃ ላይ ሰቀለው። በእኛ አገር ሠርጉ፣ ልቅሶው፣ ክርስትናው፣ የወይን ለቀማው ማብቂያ፣ ሁሉም ነገር አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰው ዳቦ የሚገዛው ሱቅ፣ ወሬ የሚሰማው ግን አዳራሽ ነው። ማዕድ ላይ የሌለ ሰው መንደሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ላማራን ልኬ በደረጃው ጎን ወንበሬ የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ እንዲሠራልኝ ጠየቅኩ። ጣውላ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ኤልጉጃ የአዳራሹ ፊት ይበላሻል አለ። ሲዘንብ ያንሸራትታል አለ። በመጨረሻ ደግሞ ደረቱን መትቶ፣ «ምን በወጣው ነው በጣውላ የሚንከባለለው? ተሸክመን እናስገባዋለን። እኛ ሞተናል እንዴ?» አለ።

ይቺን «እኛ ሞተናል እንዴ» የምትለዋን ያዟት። እኔም ይዣታለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸክመው ያስገቡኝ ቀን አራት ወንዶች ወንበሬን በአራት ማዕዘን ይዘው እንደ ቁም ሳጥን ሲያወጡኝ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ እያዘመሙኝ ነው። በሩ አጠገብ፣ ሕፃናቱ ከሚበሉበት ጥግ አስቀመጡኝ። ኤልጉጃ ከራስጌ ሆኖ «ለቫርላማችን ትዕግሥት» ብሎ መረቀ፤ ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። የሰው እንባ መቀስቀስ የእኔ ሙያ ነበር፣ እንባ መቀስቀሻ አደረገኝ። ከዚያ ከረጢቴ ሞላ። የሚያወርደኝ ሰው ፈለግኩ፤ አራቱም ተሸካሚዎች ሰክረው ይዘፍናሉ። በእጄ ምልክት ሰጠሁ፣ ተጣራሁ፣ ጠበቅኩ። ከረጢቱ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ፣ ከሱሪዬ ወደ ወለሉ፣ መንደሩ ሁሉ እያየ። ሙዚቃው ቆመ። ኤልጉጃ ያን ጊዜ፣ ለእኔ እንዳዘነ ሰው፣ «ምንም አይደለም፣ እንደ ሕፃን ቁጠሩት» አለ።

ከዚያ ወዲያ አዳራሹን አልረገጥኩም። ሲጠሩኝ አሞኛል እላለሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ግን ከናፖሊዮን የበለጠ የጦር ዕቅድ አወጣሁ። ኤልጉጃን መርዝ ማጠጣት አሰብኩ፤ ላማራ ወይን ማባከን ነው አለች። ዛፉን ማቃጠል አሰብኩ፤ ነፋሱ ወደ እኛ ቤት ነው የሚነፍሰው። ሁለት መከር እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው አጎቴ አምብሮሲ ሞተ። አምብሮሲ የአባቴ ወንድም ነው፣ የኤልጉጃ የክርስትና አባት ደግሞ ነበር። ልጅ አልነበረውም። አለቀስኩለት፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ከቀብሩ ስንመለስ ግን፣ ላማራ ወንበሬን ጭቃው ውስጥ እየገፋች ሳለ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ። ላማራ አበድክ ወይ አለችኝ። እንዲያውም ገና አሁን ነፍስ አወቅኩ አልኳት።

ትዝ ያለኝ ይህ ነው። በእኛ መንደር ድግሱ የደስታም ቢሆን ሙታን ሳይጠሩ አይቀሩም። የሙታን ምርቃት ሲደርስ ወንድ የተባለ ሁሉ ይቆማል። ዋንጫው ቀንድ ነው፤ መቀመጫ ስለሌለው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ እስኪጠጣ ድረስ በእጅ ይያዛል። ታማዳው ጥቂት ተናግሮ ምርቃቱን ለአንድ ሰው ያሳልፋል፤ ያ ሰው ተናግሮ ዋንጫውን እስኪጨልጥ ድረስ መቀመጥ ነውር፣ መጠጣት ነውር፣ ወደ ውጭ መውጣትማ የአባትን መቃብር እንደ መርገጥ ነው። በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ካለ ደግሞ የሙታኑ ምርቃት የሚተላለፈው ለሟቹ የቅርብ ሥጋ ዘመድ ነው። ታማዳው ቢወድም ባይወድም።

የአምብሮሲ የቅርብ ሥጋ ዘመድ ማን ነው? እኔ። በመላው ዘዳጎራ ቆሞ መናገር የማይጠበቅበት አንድ ወንድ ማን ነው? እሱም እኔ።

ብዙም ሳይቆይ ኤልጉጃ ልጁን ሊድር ሆነ። በልማዳችን የሙሽራው አባት ራሱ በየቤቱ ዞሮ ይጠራል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራችን ላይ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንደማልመጣ ያውቃልና በጥድፊያ ጠራኝ።

«እመጣለሁ» አልኩት።

ፊቱ ላይ ያለው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ። ደረጃው ይከብድህ ይሆን፣ ጤናህስ፣ አለ። «እናንተ አላችሁ አይደል፣ ተሸከሙኛ» አልኩት።

የሠርጉ ዕለት ላማራን ትልቁን ከረጢት እንድታስርልኝ ጠየቅኳት፤ አልጋ ላይ ስተኛ የምንጠቀምበትን፣ በግ የሚያክለውን። ወንበሩ ሥር ሰቅላ በብርድ ልብስ ሸፈነችው። ምን ልትሠራ ነው ብላ አየችኝ።

«ልመርቅ ነው» አልኳት።

«ያንተን ምርቃት እግዜር ይያዘው» አለችና ማበጠሪያዋን ፍለጋ ሄደች፤ ፈገግ ስትል ግን አይቻታለሁ።

እንደ ቁም ሳጥን ተሸክመው አስገቡኝ። እንደገና በሩ ጥግ፣ ሕፃናቱ አጠገብ። ምግቡ መጣ፣ ዶሮው በዚያው ዛፍ ገውዝ ታሽቶ። ኤልጉጃ ለሰላም መረቀ፣ ለሙሽሮች መረቀ፣ ለወላጆች መረቀ፤ በእኔ ቃል፣ በእኔ ጉሮሮ። ወንዶቹ ጠጡ፣ ደግመው ጠጡ። እኔ ከንፈሬን ብቻ እያረጠብኩ የእነሱን ብርጭቆ ስከታተል ነበር። የሰው ፊኛ በስንት ዋንጫ እንደሚሞላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ትምህርት ነው።

ከዚያ ኤልጉጃ ተነሣ። ወንዶቹ ሁሉ ወንበር እያንኳኩ ተነሡ፤ ቀንዶቹ ተሞሉ። ለሙታን፣ አለ። ስለ አምብሮሲ ጥቂት አለና ዓይኑ ወደ በሩ ሲዞር አየሁት። ልማዱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሁሉ አስቀድመው ወደ እኔ ዞረው ነበር።

«ምርቃቱን ለቫርላም አሳልፌያለሁ» አለ። «አጠር አድርገህ፣ ወንድሜ።»

«ለሙታን አጠር ተደርጎ አያውቅም» አልኩና ቀንዴን አነሣሁ።

በአምብሮሲ ጀመርኩ፤ ከልደቱ። ጥርስ ያወጣበትን ጊዜ ተናገርኩ። ያሳደጋትን ጊደር ተናገርኩ፣ የጊደሯን እናትም። አምብሮሲን ቀብሬ ስጨርስ ወንዶቹ ቀንዳቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። እኔ ግን፣ «አምብሮሲ ብቻውን አልሄደም» ብዬ ከመንደሩ ላይኛው ጫፍ ቤት ለቤት መውረድ ያዝኩ። እያንዳንዱን ሟች በስሙ፣ በአመሉ፣ በሚወደው ምግብ። ሴቶቹ ተቀምጠዋል፤ አይቸኩሉም። አንዷ ስለ ባሏ ስናገር አለቀሰች። ሌላዋ የእኔን ሳንድሮ እንዳትረሳው አለችኝ። ከዚያ በኋላ እኔ መፈለግ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ስም ከየጠረጴዛው ይወረወርልኝ ጀመር። ለአንዱ ብዙ ተናግሬ ለሌላው ባሳጥር ቤተሰቡ ይቀየማል፤ ስለዚህ ለሁሉም ረዥም። እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ሙታኑ መስኮቱ ሥር ተሰልፈው ተራቸውን ሲጠብቁ ይታዩኝ ነበር።

ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተዛወረች። ላማራ ሾርባው እንኳ አልቀዘቀዘም ትላለች፤ እሷ ተቀምጣ ነበር። ወንዶቹን ግን ጠይቋቸው። መጀመሪያ ክንዳቸው ነው የከዳቸው፤ ቀንዱን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ቀጥሎ ጉልበታቸው። ቀጥሎ ደግሞ ያ የምጠብቀው። ጁምበር እግሩን አቆላለፈ። ከተሸከሙኝ አራቱ አንዱ እንደ ቀበሮ ሲወዛወዝ ነበር። ሙሽራው ፊቱ ቢጫ ሆነ፤ አዘንኩለት ለማለት ፈልጌ ነበር። ኤልጉጃ ከራስጌ፣ ከሁሉ በላይ እየታየ፣ ላቡ ከአገጩ ወደ ቀንዱ ይንጠባጠባል፣ ዓይኑ ወደ በሩ ይሄዳል። በሩ አጠገብ ደግሞ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ራሱ ነው ያስቀመጠኝ። እኔ በየመሀሉ እጆቼን ተመርኩዤ ብድግ እያልኩ ወገቤን አሳርፋለሁ፣ ከረጢቴ ወንበሬ ሥር በጸጥታ ሥራውን ይሠራል። በሕይወቴ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም።

«ቫርላም» አለ ኤልጉጃ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ሙታኑም ደከማቸው እኮ።»

«የትኞቹ?» አልኩት። «ስማቸውን ጥራልኝ፣ እነሱን ልተዋቸው።»

ሴቶቹ ዞረው አዩት። የማንን ሟች ሊተው ነው ብለው ነው የሚያዩት። ቀንዱን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

ያን ጊዜ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ ይህ የድሮ ጥበቤ ነው፣ ዝቅ ሲል ሰው ይጠጋል። «አንድ ሟች ቀረኝ» አልኩ። «ይህን ሰው አራት ሰዎች ተሸክመው ነው ደረጃ የሚያወጡት። እኛ አገር በአራት ሰው ትከሻ የሚሄድ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከማዕዱ ጥግ ያስቀምጡታል፣ ስሙን ጠርተው ያለቅሱለታል። ወንበሩን ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፣ ቃሉን ሌላ ሰው ይናገርበታል። እንግዲህ ኤልጉጃ፣ አንተ ታማዳ ነህና አንተን ልጠይቅህ። አንድ ቀን እኛ ሞተናል እንዴ ብለህ ነበር። እኔስ? ከሞትኩ ንገረኝ፣ ስለ ራሴ ደግሞ የምናገረው ብዙ አለኝ። ገና ከልደቴ ልጀምር ነው።»

ከቆሙት መሀል የሆነ ሰው አቃሰተ።

«አለህ፣ በሕይወት አለህ» አለ ኤልጉጃ። «ጠጣው እባክህ።»

«በሕይወት ያለ ሰው በራሱ ነው በር የሚገባው።»

«ተዳፋቱ ይሠራል። ነገ ይሠራል።»

«በምን ጣውላ?»

ፊቱን ወደ ግቢው በኩል አዞረ። ገብቶታል። ደደብ አይደለም፣ ደደብ ቢሆን ኖሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ባልጠላሁት።

«ጣውላ እገዛለሁ» አለ።

«አያትህን ረስቼዋለሁ ለካ» አልኩ ወደ ማዕዱ ዞሬ። «ያንን ዛፍ የተከለውን ደጉን ሰው። አባቱ ማን ነበር? ከየት መጣ? በየትኛው በቅሎ?»

«ኤልጉጃ» አለ ጁምበር፣ ሁለት ጉልበቱን አጣብቆ፤ «ለክርስቶስ ብለህ ያንን ዛፍ ቁረጠው።» ሌሎቹም ተቀበሉት። ቁረጠው። ዛፍ ነው። ቁረጠው እንጂ። የገዛ ልጁ፣ ሙሽራው፣ «አባዬ፣ ቁረጠው» አለ፤ ይቺ ናት የጣፈጠችኝ።

ኤልጉጃ ቀንዱን ይዞ፣ ሙታን እየሰሙት፣ መንደሩ እየሰማው፣ «ይቆረጥ» አለ። ጥርሱ መሀል ነበር ያላት። ድምፅህን ከፍ አድርገው፣ አምብሮሲ ጆሮው ይከብደው ነበር አልኩት። ደገማት።

ቀንዴን ጨለጥኩ። ከዚያ የሆነውን የኢመሬቲ ታሪክ አይረሳውም። ወንዶቹ የጠጡትን እንኳ ሳይውጡ ወደ በሩ ነጎዱ። እኔ ግን በሩ ላይ ነኝ፤ ወንበሬን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ወደ ጎን አዞርኩ። ሁሉም ደርሰዋል። ኤልጉጃ ብቻ ሆዱ ስለሚከብደው ደረጃው ላይ ዘገየ። ምን እንደሆነ አልናገርም። ሙዚቃው ቆሞ ነበር፣ መንደሩም ሁሉ ያይ ነበር። እኔም በሩ ላይ ሆኜ ወደ ሴቶቹ ዞርኩና፣ «ምንም አይደለም፣ እንደ ሕፃን ቁጠሩት» አልኳቸው።

ዛፉ ሲቆረጥ ግቢው ውስጥ ገብቼ አየሁ፤ ላማራ አትሂድ ብላኝ ነበር። ኤልጉጃ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ግንዱ ሲወድቅ ድምፁን አውቀዋለሁ፤ እኔ የወደቅኩ ጊዜ የሰማሁት ዓይነት ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ደስ አለኝ። ጥቁር ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጉጠት የሌለው ጣውላ ወጣው። በመላው ካውካሰስ ከገውዝ የተሠራ መወጣጫ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ንጉሥም አልነበረውም።

ወንበሬም ተመልሶልኛል፤ ማለቴ የራስጌውን ቦታ። ወንበሩን ራሱን አውጥተው ጥለው ባዶ ቦታ ተዉልኝ፣ የራሴን ይዤ ስለምመጣ። ኤልጉጃ አሁን በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም።

በቀደም ለወይን ለቀማው ድግስ ስወጣ ጉልበቱ ስላመመው ደረጃውን ትቶ በእኔ ተዳፋት ከኋላዬ መጣ። የሱ ዛፍ ነው፣ ይርገጠው። እኔ ግን መሀል ላይ ወንበሬን አቁሜ ጎማ የምገፋበትን ጓንቴን ማጥበቅ ጀመርኩ፤ አንዱን ጣት፣ ከዚያ ሌላውን። ከኋላዬ ይተነፍሳል።

«ልግፋህ?» አለ በመጨረሻ።

«ንካኝና ሙታንን እጀምራለሁ» አልኩት።

ቆመ። ጓንቴን ጨርሼ እስክሄድ ድረስ ቆሞ ጠበቀ።